የተከበበው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ትምህርት ቤት ስላለ፣ ዊንጌት የሚለውን ስም ያልሰማ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በጎጃም በኩል የገባውን እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ሰውየው ከሦስት ዓመት በኋላ ከበርማ ድንበር አጠገብ፣ በሕንድ ተራሮች ላይ በአውሮፕላን አደጋ መሞቱን የሚያስታውስ ግን ብዙ አይደለም። ከጎጃም ደጋ እስከ በርማ ዱር የተከተለው ጥያቄ ደግሞ ከሞቱም ይልቅ ተረስቷል። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው፦ መንገድ በሌለበት አገር የሚዋጋ እግረኛ ምን ይበላል? ምን ይጠጣል? ጥይቱ ያለቀበት ዕለትስ ከየት ያገኛል?

መልሱ የተገኘው በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት አይደለም። በብዙ ስሕተት፣ በብዙ ረሃብና በብዙ መቃብር መካከል ቀስ በቀስ ነው የተገለጠው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከእኛው ደጃፍ ነው። ጥር 1941 ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ድንበር ሲሻገሩ፣ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከሁለት ሺህ ብዙም የማይበልጥ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደር ነበር። ስንቁንና ጥይቱን የሚሸከሙለት ከሱዳን የተሰበሰቡ 15 ሺህ ያህል ግመሎች ነበሩ። ግመል የበረሃ እንስሳ ነው። ከቆላው ቁጥቋጦ ወደ በላያ፣ ከበላያ ወደ ጎጃም ዳገት ሲያቀኑ ድንጋዩ ኮቴያቸውን ላጠው፣ የደጋው ብርድ አጠወለጋቸው፣ የለመዱት ቅጠል አልገኝ አላቸው። በየመንገዱ ረገፉ። ከኋላ የሚመጣው ሰው ኮምፓስ አያስፈልገውም፣ የሞተ ግመል ሽታ መንገዱን ያሳየዋል እስኪባል ድረስ። ከነዚያ ሁሉ ግመሎች አዲስ አበባ የደረሱት መቶ እንኳ አልሞሉም።

ጦሩ ግን አሸነፈ። ያሸነፈውም አርበኛው አገሩን ስለያዘለት፣ ገበሬው ስላበላውና ከጣሊያን መጋዘን ስለማረከ ነው። ወዳጅ ሕዝብ ባለበት አገር የግመሉ ሞት ይካካሳል። ማንም በሌለበት ዱር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጦር ምን ይውጠዋል? ይህ ጥያቄ ጎጃም ላይ ሳይመለስ ቀረ።

በዚያው ወቅት ሌላም እንግሊዛዊ በእኛ ድንበር ላይ የራሱን ትምህርት እየተማረ ነበር። ዊሊያም ስሊም ይባላል። ኅዳር 1940 አንድ የሕንድ ብርጌድ እየመራ ጋላባትን ያዘ። መተማን ግን መውሰድ አቃተው፤ ታንኮቹ በድንጋያማው መሬት ላይ ተሰባበሩ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖችም በላዩ ሰፈኑበት። ወደ ኋላ ተመለሰ። ይህ ሽንፈት የቆረቆረው ሰው፣ ከዓመት ተኩል በኋላ ከዚያ እጅግ ወደከፋ ሽንፈት ተጠራ።

መጋቢት 1942 የበርማ ዋና ከተማ ራንጉን በጃፓኖች እጅ ወደቀች። ስሊም በዚያው ወር ደርሶ የተቀበለው የሚሸሽ ጦር ነበር። እስከ ሕንድ ድንበር ድረስ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል አፈገፈጉ፤ በእንግሊዝ ጦር ታሪክ ከዚህ የረዘመ ማፈግፈግ የለም። ጃፓኖች የሚያሸንፉበት ስልት ደግሞ አንድ ዓይነት ነበር። ፊት ለፊት ጥቂት ሰው ያስቀምጡና ዋናው ጦራቸው በዱሩ ውስጥ ዞሮ ከኋላ መንገዱን ይቆርጣል። እዚያ ግንድ አጋድሞ፣ መትረየስ ጠምዶ ይጠብቃል። እንግሊዞቹ በመኪና የሚኖሩ ነበሩ፤ ስንቁ በመኪና፣ ውሃው በመኪና፣ ጥይቱ በመኪና። መንገዱ የጦሩ እትብት ነበር። እትብቱ በተቆረጠ ቁጥር፣ ገና የሚዋጋበት ጉልበትና መሣሪያ ያለው ጦር «ተከበብን» ብሎ ይፈርሳል፣ ከባድ መሣሪያውን እየጣለ ያለችውን በር ፍለጋ ይሮጣል።

ስሊም ከዚህ ውርደት አንድ ሐሳብ ይዞ ወጣ። በኋላ ለጦሩ ባወጣው መመሪያ፣ ጃፓኖች ከኋላችሁ ሲገቡ የተከበባችሁት እናንተ ሳትሆኑ እነሱ እንደሆኑ ቁጠሩ የሚል ትርጉም ያለው ትእዛዝ ሰጠ። የሚያምር ቃል ነው። ሆዱ ባዶ ለሆነ ወታደር ግን ቃል ብቻውን ምን ይጠቅመዋል? ትእዛዙ እውነት እንዲሆን እትብቱን ከመንገዱ ላይ አንሥቶ ሌላ ቦታ ማሰር ያስፈልግ ነበር።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው ዊንጌት ነው። የካቲት 1943 ሦስት ሺህ ያህል ሰው በሰባት ጓድ ከፋፍሎ የቺንድዊንን ወንዝ ተሻገረ። ቺንዲት የሚል ስም የወጣላቸው እነዚህ ወታደሮች ከኋላቸው መንገድም፣ ደጀንም፣ መጋዘንም አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ሰው ከ30 ኪሎ በላይ ተሸክሟል። ከበቅሎዎቹ ጀርባ ከጥይትና ከሞርታር ሌላ ባትሪና የሬዲዮ መገናኛ ተጭኗል። በየጓዱም ከሕንድ ከሚነሡት አውሮፕላኖች ጋር የሚነጋገሩ የአየር ኃይል ሰዎች አብረው ይጓዙ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጓዱ ስንቁ ሲያልቅ በሬዲዮ ይጠራል፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይናገራል። በተባለው ሌሊት በገላጣ ቦታ ላይ እሳት በተርታ ይለኮሳል። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ይዞርና በየዙሩ ጥቂት ጥቅሎች ይጥላል፤ በሩ ጠባብ ስለሆነ ሁሉን በአንድ ጊዜ መግፋት አይቻልም። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ታች ያሉት ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆጥራሉ። ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ምግብ ተብሎ የተመደበው ከእኛ ወታደር ኮቾሮ ጋር የሚመሳሰል ደረቅ ብስኩት፣ ጥቂት አይብ፣ ዘቢብና ለውዝ፣ የዱቄት ወተት፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሲጋራና ክብሪት ነበር። መነጽር የተሰበረበት መኮንን ምትክ መነጽር ከሰማይ ወርዶለታል።

ቺንዲቶቹ የባቡር ሐዲዱን በብዙ ቦታ ቆራረጡት፤ ሐሳቡ የሚሠራ መሰለ። ነገር ግን የኢራዋዲን ወንዝ ተሻግረው ወደ ምሥራቅ ሲዘልቁ ከአውሮፕላኖቹ አቅም ጫፍ ላይ ደረሱ። መሬቱም ደረቅ ሆነባቸው። በደረቀ ወንዝ ውስጥ አሸዋ እየቆፈሩ፣ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ውሃ ፈለጉ። ተመለሱ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ወንዞቹን በጃፓኖች ዓይን ሥር ለመሻገር በትንንሽ ቡድን መበተን ነበረባቸው። በቅሎዎቹን ተዉ፣ ሌሎቹንም አርደው በሉ። ሬዲዮ የምትሸከመው በቅሎ ከሌለች ሬዲዮው አይኖርም። ሬዲዮው ከሌለ አውሮፕላኑ የት እንደሚመጣ አያውቅም። ስንቅ የጫነ አውሮፕላን ሕንድ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ መጥሪያ ያጡ ሰዎች በዱር ውስጥ በረሃብ አለቁ። መራመድ ያቃታቸውን ቁስለኞችም ጥለዋቸው ሄዱ፤ ይህ የዘመቻው እጅግ መራራ ገጽ ነው።

ከገቡት ሦስት ሺህ ውስጥ የተመለሱት 2,182 ነበሩ። ከነሱም ወደ 600 የሚሆኑት ዳግም ለውጊያ የሚበቃ ጤና አላገኙም። በቁጥር ብቻ ለሚመዝነው ይህ ሽንፈት ነው። ለእኔ ግን የግኝቱ የመጀመሪያ ግማሽ እዚህ ላይ ነው፤ ከሰማይ የሚመጣ ስንቅ ዋናው ሥሩ ክንፍ ሳይሆን ድምፅ እንደሆነ ተገለጠ። የሚጣራና የሚሰማ መኖር አለበት። ስንቅ በመጀመሪያ ቃል ኪዳን ነው።

ከቺንዲቶች ሌላ ሰውም ተምሯል፤ የጃፓኑ ጄኔራል ሙታጉቺ። እስከዚያ ድረስ በቺንድዊንና በተራሮቹ ላይ ትልቅ ጦር ማሻገር አይቻልም ይል ነበር። ዊንጌት ሲሻገር አይቶ፣ እኔም ሕንድን በዚሁ መንገድ እወራለሁ ብሎ ተነሣ። መሻገሩን አየ፤ ሬዲዮውንና አውሮፕላኑን ግን ልብ አላለም። ከትምህርቱ ግማሹን ብቻ ወስዶ ሄደ።

በ1943 መጨረሻ ስሊም የአሥራ አራተኛው ጦር አዛዥ ሆነ። ለሦስት ሺህ ሰዎች የተሞከረውን ለክፍለ ጦር፣ ለኮር ለማድረግ ሲነሣ የገታው ችግር ማንም ያላሰበው ነበር፤ የጨርቅ እጦት። ሩዝና የበቅሎ መኖ ያለ ፓራሹት ይወርዳል። አንዱን ጆንያ በሌላ ሰፋ ባለ ጆንያ ውስጥ ካስገቡት የውስጡ ሲፈነዳ የውጭው ይይዘዋል። ጥይት፣ መድኃኒትና ነዳጅ ግን ፓራሹት ይፈልጋል። የሐር ፓራሹት ውድ ነው፤ ከአውሮፓ ግንባር ተርፎ ለበርማ የሚደርሰውም እጅግ ጥቂት ነበር።

ስሊም ስንቅና ትጥቅ ወደሚመራለት ወደ ጄኔራል ስኔሊንግ ዞረ። በካልካታ ዙሪያ የጆንያ ፋብሪካዎች ሞልተዋል፤ ጥሬ ዕቃቸው ቤንጋል በገፍ የምታበቅለው ጁት ነው። ለምን ከጆንያ ጨርቅ ፓራሹት አይሠራም? ባለፋብሪካዎቹን አነጋገሩ፤ ሞከሩ፣ ቀየሩ፣ እንደገና ሞከሩ። ጨርቁ ሳስቶና ሽመናው ላልቶ ሲሠራ አየሩ በራሱ በጨርቁ ውስጥ ያልፋል። በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ከሐሩ ጋር ሲነጻጸር 85 ከመቶ የሚተማመኑበት ፓራሹት ተሠራ። የሐሩ አንዱ ከ20 ፓውንድ በላይ ሲያወጣ የጆንያው አንድ ፓውንድ ከትንሽ በላይ ነበር። ሰው አያወርድም፤ ጥይት ግን ያወርዳል። የቤንጋል ሸማኔ እጅ ያለበት ያ ሻካራ ጨርቅ፣ ለኔ፣ ከዚያ ጦርነት አውሮፕላኖች ሁሉ የሚያስደንቅ ነው።

ትልቁ ፈተና የካቲት 1944 በበርማ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በአራካን መጣ። ጃፓኖች እንደ ልማዳቸው በዱሩ ዞረው ሰባተኛውን የሕንድ ክፍለ ጦር ከኋላ ቆረጡት። ስሌታቸው ግልጽ ነበር፤ እንግሊዞች እንደ 1942 ይሸሻሉ፣ እኛም መጋዘናቸውን ወርሰን እንበላለን። ስለዚህም የያዙት ስንቅ ከአሥር ቀን የሚያልፍ አልነበረም። ከበባው ያረፈበት ቦታ ደግሞ የክፍለ ጦሩ ስንቅና ጥይት የተከማቸበት ጠባብ ገላጣ ነበር። ጸሐፊው፣ ወጥ ቤቱ፣ በቅሎ ነጂው ጠመንጃ አንሥቶ ምሽግ ገባ። ጃፓኖች ሐኪም ቤቱን ሰብረው ቁስለኞችንና ሐኪሞችን ገደሉ። ያም ሆኖ የሸሸ አልነበረም።

ከሰማይም ቃሉ ተጠበቀ። መጀመሪያ የወጡት አውሮፕላኖች በጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች ተገደው ሲመለሱ፣ የአሜሪካ አየር ኃይሉ ጄኔራል ዊሊያም ኦልድ ራሱ መሪውን ጨብጦ ቀጣዩን ጉዞ መራ። ከዚያ ወዲያ ሌሊትና ቀን ከሁለት ሺህ ቶን በላይ ወረደ። ሩዝ ለሚበላው ሩዝ፣ ቂጣ ለሚበላው ዱቄት፣ ለበቅሎው መኖ፣ ለመድፉ ጥይት፣ ለሁሉም ደብዳቤና ሲጋራ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከባቢዎቹ ተራቡ። የተከበቡት የሚበሉትን አግኝተው፣ የከበቡት ሥር እየማሱ ተመለሱ። ማን ማንን እንደከበበ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ታየ።

በቀጣዩ ወር ሙታጉቺ በሦስት ክፍለ ጦር ቺንድዊንን ተሻግሮ በሕንድ ድንበር በኩል ወዳሉት ወደ ኢምፋልና ወደ ኮሂማ ዘመተ። ለሦስት ሳምንት የሚሆን ስንቅ ያዘ። የቀረውን በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች እየነዳ፣ ጭነት እያሸከማቸው ሊበላቸው አሰበ። ከብቶቹ በወንዙ ሰመጡ፣ በገደሉ ወደቁ፣ ሣር አጥተው ሞቱ። የጎጃምን ግመሎች ያስታውሷል። ልዩነቱ ጎጃም ላይ የሚያበላ ወዳጅ ሕዝብ መኖሩ ነው።

ኮሂማ ላይ 1,500 ያህል ተዋጊና አንድ ሺህ የሚሆኑ ሌሎች ሰዎች በአንዲት ኮረብታ ላይ በአንድ ሙሉ የጃፓን ክፍለ ጦር ተከበቡ። ውሃው ወዲያው ተቆረጠ። ለአንድ ሰው የቀን ድርሻ ሩብ ሊትር ብቻ እስኪሆን ድረስ ወረደ። እኛ የጥማትን ጦርነት እናውቃለን፤ በ1896 እቴጌ ጣይቱ በመቀሌው የእንዳየሱስ ምሽግ የጣሊያኖቹን ምንጭ አስይዘው ምሽጉን ያስለቀቁት በዚሁ መሣሪያ ነው። ኮሂማን ከዚያ ዕጣ ያዳናት በሌሊት እየተሳቡ የሚቀዱላት አንዲት ቀጭን ምንጭና ከሰማይ በፓራሹት የሚወርድ ውሃ ነበር። ኮረብታዋ እጅግ ጠባብ ስለነበረች ከሚወርደው ጥቂት የማይባለው ጃፓኖች ዘንድ ይወድቅ ነበር። በጥይት በተመለመሉት ዛፎች ላይ ፓራሹቶች እንደ ነጠላ ተንጠልጥለው ይታዩ ነበር። ሚያዝያ 4 የጀመረው ከበባ ሚያዝያ 20 አካባቢ ሲሰበር፣ የወጡት ሰዎች ለመቆም የቀራቸው ኃይል ጥቂት ነበር፤ ቆመው ግን ወጡ።

ኢምፋል ደግሞ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተዘግታ ቆየች። ሜዳው ላይ 150 ሺህ ያህል ሰው ነበር። መጀመሪያ አምስተኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ከአራካን ውጊያ ተነቅሎ ከነመድፉና ከነበቅሎው በአውሮፕላን ተጓጉዞ ደረሰ። ይህ ክፍለ ጦር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1941 በከረን ተራሮች ላይ ጥይትና ውሃ በሰው ትከሻና በበቅሎ ጀርባ እያወጣ የተዋጋ፣ እስከ አምባላጌም የዘለቀ ነው። ከዚያ በሂማላያ ላይ ወደ ቻይና ከሚመላለሱት ሳይቀር አውሮፕላኖች ተወስደው፣ በክረምቱ ዝናብና በጥቁር ደመና ውስጥ ስንቅ ይመላለስ ጀመር። ከ6 ሺህ ቶን በላይ ምግብ፣ ወደ 4 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነዳጅ፣ 43 ሚሊዮን ሲጋራ፣ 1,200 ከረጢት ደብዳቤ። ሲመለሱ ደግሞ ቁስለኛ ይጭናሉ። በቺንዲቶች ጊዜ ከዛፍ ሥር ይጣል የነበረው ቁስለኛ አሁን በዕለቱ ሐኪም ቤት ይተኛል።

እንዲህ ስል ሁሉም ነገር ከሰማይ መጣ ማለቴ አይደለም። በዚያ ዱር ከጥይት ይልቅ ወባና ተቅማጥ ሰውን ያረግፉ ነበር። በ1943 አንድ ሰው ቆስሎ ወደ ኋላ ሲወሰድ 120 ሰዎች ታመው ይወሰዱ ነበር። ስሊም የወባውን ክኒን ወታደሮቹ በእርግጥ መዋጣቸውን በድንገት ያስመረምር ነበር፤ ቸል ያሉ ሦስት አዛዦችን ሽሯል። ከተወረወረበት ቦታ እስከ ምሽጉ ጥይቱን የሚያደርሰውም ያው በቅሎና ትከሻ ነበር። የምዕራብ አፍሪካው 81ኛ ክፍለ ጦር በካላዳን ሸለቆ መንገድ በሌለበት፣ ከሰማይ የሚወርድለትን በራሱ ላይ እየተሸከመ ተዋጋ። የምሥራቅ አፍሪካው 11ኛ ክፍለ ጦር በክረምቱ ጭቃ የካባውን ሸለቆ ወረደ፤ ከሰዎቹ መካከል ከሦስት ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ምድር ጣሊያንን የወጉ ነበሩ። የነዚህ አፍሪካውያን ትከሻ በታሪኩ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘው ቦታ ከተሸከመው ጋር አይመጣጠንም፤ ይህ ይቆጨኛል።

በሌላው ወገን የሆነውንም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኮሂማን የከበበው የጃፓን ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሳቶ፣ ሩዝና ጥይት ላኩልኝ እያለ ደጋግሞ ለመነ። ቃል ተገባለት፤ አልመጣም። ግንቦት ሲያልቅ በጃፓን ጦር ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ሳይታዘዝ ክፍለ ጦሩን ይዞ ተመለሰ። ሙታጉቺ ከሥልጣኑ ሻረው። ሰኔ 22 የኢምፋል መንገድ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ የጃፓኖቹ ጉዞ ውጊያ አልነበረም። በዝናብ ውስጥ፣ በባዶ እግር፣ ሣርና ቀንድ አውጣ እየለቀሙ ወደ ቺንድዊን ተጎተቱ። ከ85 ሺህ ገደማ ሠራዊት 30 ሺህ ያህሉ ሞተ፤ አብዛኛው በጥይት ሳይሆን በረሃብና በበሽታ። ጃፓኖቹ ራሳቸው ያንን መንገድ የነጭ አጥንት መንገድ አሉት።

በነዚያ ወታደሮች ጉብዝና ላይ ማንም አፉን አይከፍትም። የጎደላቸው ልብ አልነበረም። ያዘመታቸው ሰው ልብ ካለ ሆድ ይከተላል ብሎ ስላመነ፣ የእነሱን ወኔ በስንቅ ፋንታ ቆጥሮ በላው። የሰውን ጀግንነት እንደ ነፃ ስንቅ የሚቆጥር አዛዥ ከጠላት ይከፋል።

ዊንጌት ይህን ፍጻሜ አላየም። መጋቢት 24 ቀን 1944 የተሳፈረበት አውሮፕላን በማኒፑር ተራሮች ተከሰከሰ። ከጎጃም ይዞት የመጣውን ጥያቄ የመለሱት ሌሎች ናቸው፤ ስሙን የማናውቀው የካልካታ ሸማኔ፣ በአውሮፕላኑ በር ላይ ቆሞ ጥቅል የሚገፋው ወታደር፣ ሬዲዮ የምትሸከመውን በቅሎ ከወንዙ ያሻገረው ነጂ።

ሁለት የአጥንት መንገዶች ይታዩኛል። አንዱ ከሱዳን ድንበር በበላያ በኩል ወደ ጎጃም የሚወጣው፣ የግመል አጥንት የተነጠፈበት። ሌላው ከኮሂማና ከኢምፋል ወደ ቺንድዊን የሚወርደው፣ የሰው አጥንት የተነጠፈበት። በሦስት ዓመት ልዩነት የተነጠፉ ናቸው። የፊተኛው መንገድ ላይ ያለፉት ግመሎቹ ያለቁበትን ምክንያት ጠየቁ። በኋለኛው መንገድ ላይ ያዘመተው ሰው አልጠየቀም፤ ሳቶ ጠይቆ ተሻረ።